በ2.87 ጂፒኤ የኢንጅነሪንግ ድኅረ ምረቃ፦ ትምህርት ቤቱን በምን ልምረጥ?

ተመራቂዋ

ሰላም ለሁላችሁ። በሜካኒካል ኢንጅነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። 136 ክሬዲት፣ ጠቅላላ ጂፒኤ 2.87 ከ4.00። የመጀመሪያዎቹ 76 ክሬዲቶች አማካይ 2.50 ነው፤ የመጨረሻዎቹ 60 ግን 3.34። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ሲ፣ ቴርሞዳይናሚክስ ላይም ሲ አለብኝ። ሂት ትራንስፈርና ፍሉይድ መካኒክስ ቢ ፕላስ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ (የሙቀት መለዋወጫ ዲዛይን) ኤ ነው። የታተመ የምርምር ጽሑፍ የለኝም።

መማር የምፈልገው ቴርማልና ፍሉይድ (የሙቀትና የፍሰት) ዘርፍ ነው፤ ቢቻል ወደ ፒኤችዲ የሚያሻግረኝን። አሜሪካን፣ ካናዳንና ጀርመንን እያየሁ ነው። የሁሉም ድረ ገጽ ማለት ይቻላል "ቢያንስ 3.0" ይላል። ከዚያ በታች ያለ ማመልከቻ ጭራሽ አይነበብም ማለት ነው? ተጨማሪ ኮርስ ወስጄ ጂፒኤዬን ላሳድግ? ትምህርት ቤቶቹንስ በምን ለይቼ ልምረጥ?

ቶርክ

እህቴ፣ መጀመሪያ ያ 3.0 የማን ቁጥር እንደሆነ ለይተሽ እወቂ። አሜሪካ ውስጥ ማመልከቻ ሁለት በር ያልፋል። አንዱ የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የ3.0 ደንብ ብዙውን ጊዜ የሱ ነው። ሌላው ዲፓርትመንቱ ነው፤ ፋይሉን ገልጦ የሚያነበው እሱ ነው። በብዙ ቦታ ዲፓርትመንቱ ምክንያቱን ጽፎ "ይህቺን አመልካች እንፈልጋታለን" ካለ ጽሕፈት ቤቱ ከደንቡ ውጭ ይፈቅዳል። በሌላው ቦታ ደግሞ ደንቡ ፈጽሞ አይነቃነቅም። ላንቺ የመጀመሪያው ማጣሪያ የትምህርት ቤቱ ስምና ደረጃ ሳይሆን ይሄ ነው።

ከድረ ገጹ ላይ ይህን አታገኚውም፤ መጠየቅ አለብሽ። ለፕሮፌሰር ሳይሆን ለዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ላኪ። እነዚህን ብቻ ጠይቂ፦ 3.0 የሚታየው በጠቅላላው ውጤት ነው ወይስ በመጨረሻዎቹ 60 ክሬዲቶች? ከዚያ በታች የሆነን አመልካች ዲፓርትመንቱ በልዩ ጥያቄ ማስገባት ይችላል? በቅድመ ሁኔታ መቀበል አለ? ካለስ በቅድመ ሁኔታ የገባ ተማሪ የምርምር ወይም የማስተማር ረዳት ሆኖ ሊቀጠር ይችላል? ይቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። አንዳንድ ቦታ ቅድመ ሁኔታውን እስክትጨርሺ ድረስ ክፍያሽን የሚሸፍነው ረዳትነት አይፈቀድም፤ ያ ማለት የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሙሉ ክፍያ ከኪስሽ ትከፍያለሽ ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ 9 ወይም 12 ክሬዲቶች በአንዱም ከቢ በታች አለማምጣት ነው።

የመጨረሻዎቹን 60 ክሬዲት ራስሽ አስልተሽ ተዘጋጂ። ከመጨረሻው ሴሚስተር ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ 60ኛው ክሬዲት ሴሚስተር መሀል ላይ ከወደቀ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ያን ሴሚስተር ሙሉውን ይጨምራል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አስልተሽ ያዢ። ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ 3.0ውን የሚያየው በሦስተኛና አራተኛ ዓመት ደረጃ ኮርሶች ላይ ነው። በዚህ መለኪያ ደንቡን ታልፊያለሽ። ግን ደንብ ማለፍና መመረጥ ለየቅል ናቸው፤ እዚያ የሚያመለክተው ሰው ብርቱ ነው።

ስለ ተጨማሪ ኮርስ ሒሳቡን እንሥራው። አሁን ያለሽ ነጥብ በግምት 390.4 ነው (136 ሲባዛ በ2.87)። አራት ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ወስደሽ ሁሉንም ኤ ብታመጪ 438.4 ለ148 ሲካፈል 2.96 ይሆናል። 3.0 ለመድረስ 18 ክሬዲት፣ ማለትም ስድስት ኮርስ፣ ሁሉንም በኤ። ያውም ከተመረቅሽ በኋላ የወሰድሽውን ብዙ ትምህርት ቤት ከዲግሪው ጂፒኤ ጋር አይደምረውም። ስለዚህ ኮርስ የምትወስጂው አማካዩን ለማንሳት ከሆነ ልፋትሽ ከንቱ ነው። መውሰድ ያለብሽ አንድ የተወሰነ ጥርጣሬ ለማንሳት ነው። ያንቺን ትራንስክሪፕት የሚያይ የቴርማል ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ያለው ሲ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ድኅረ ምረቃ ላይ የሚጠብቅሽ ኮንቬክሽንና ፍሉይድ ዳይናሚክስ በሙሉ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ነው። ያንኑ ኮርስ አትድገሚ። ከሱ በላይ ያለውን፣ ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ወይም ኒውመሪካል ሜተድስ፣ አንድ ወስደሽ ኤ አምጪ። ከሲው በላይ ያለውን በኤ ያለፈ ሰው ሲውን ዘግቶታል።

ኖዝል

ቶርክ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ሁለተኛው በር ላይ ልጨምር። የትምህርት ቤት ዝርዝር አትሥሪ፣ የላብ (በአንድ ፕሮፌሰር የሚመራ የምርምር ቡድን) ዝርዝር ሥሪ። ዝቅ ያለ ጂፒኤ ያለውን አመልካች ለማስገባት ከኮሚቴው ጋር የሚከራከረው ገንዘብ ይዞ ተማሪ ያጣ ፕሮፌሰር ነው። ማን ገንዘብ እንዳለው ደግሞ ምስጢር አይደለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሰጠውን የምርምር ገንዘብ በሙሉ በሕዝብ መፈለጊያ ገጽ ላይ ያወጣል። ገብተሽ በዘርፍሽ ቃላት ፈልጊ፦ ቦይሊንግ፣ ኮንደንሴሽን፣ ፌዝ ቼንጅ፣ ሂት ኤክስቼንጀር። ሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ምረጪ። ቴርማል ትራንስፖርት ፕሮሰስስ እና ፍሉይድ ዳይናሚክስ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉት፤ በነሱ ብታጣሪ በቀጥታ ወደ ዘርፍሽ ትደርሻለሽ። እያንዳንዱ መዝገብ የፕሮፌሰሩን ስም፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ የተጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ መጠኑን እና የሥራውን አጭር መግለጫ ይዟል።

ቀኑን በደንብ አንብቢ። አብዛኛው ድጋፍ ወደ 3 ዓመት ነው፤ ካሪየር የሚባለው ለአዳዲስ ረዳት ፕሮፌሰሮች የሚሰጠው 5 ዓመት ነው። ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የተጀመረ ከሆነ አንቺ የምትገቢበት ቀን ሲደርስ ገና ገንዘብ አለው። ሊያበቃ ጥቂት ወራት የቀረው ከሆነ ገንዘቡ ነባር ተማሪዎችን ማስመረቂያ ነው። የማብቂያ ቀኑ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የተራዘመም ሊሆን ይችላል፤ መነሻ ቀኑ ከአራት ዓመት በፊት የሆነ ባለ 3 ዓመት ፕሮጀክት ካየሽ ብዙ ተስፋ አታድርጊበት።

ከዚያ የላቡን ገጽ ክፈቺ። ስንት ተማሪ አለ? መጨረሻ የተመረቀው መቼ ነው? ሁለት ተማሪ የሚመረቅበት ዓመት ላይ ካለ ቦታ ይከፈታል። ሥራ ከጀመረ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነው ረዳት ፕሮፌሰር ላንቺ ከሁሉም ይሻላል፤ ገና ላቡን እያቆመ ስለሆነ ፓምፕና ቴርሞካፕል በእጁ የሚያገጣጥም ሰው ይፈልጋል። ስጋቱ ቋሚነት ካልተሰጠው ላቡ ሊዘጋ መቻሉ ነው። ለሁለት ዓመት ማስተርስ ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ለአምስት ዓመት ፒኤችዲ ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

ደረጃን በተመለከተ፦ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመድበው የካርኔጊ ምደባ በ2025 በተሻሻለው መሠረት አር 1 የሚባሉት በዓመት ቢያንስ 50 ሚሊዮን ዶላር ለምርምር የሚያወጡና 70 የምርምር ዶክትሬት የሚሰጡ ናቸው፤ አር 2 ደግሞ 5 ሚሊዮን ዶላርና 20 ዶክትሬት። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ያንቺ ዓይነት ማመልከቻ በእርጋታ የሚነበበው እዚያ ነው። አር 2 ውስጥ በአንድ ጠባብ ርዕስ የታወቀ፣ ካሪየር ድጋፍ ያለው ፕሮፌሰር ታገኛለሽ፤ የሚያመለክትለት ሰው ግን ጥቂት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንዳንድ ዲፓርትመንት ፕሮፌሰሩ ራሱ ይመርጣል፤ በሌላው ሁሉም በኮሚቴ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ቢወድሽም ብቻውን ሊያስገባሽ አይችልም። በኢሜይልሽ መጨረሻ ላይ ይህንን ጠይቂ።

ሚዛን

ጀርመንን ማንም አልነካውም። እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው፤ የሚዳኙሽ ቀመርና የክሬዲት ቆጠራ ናቸው።

ቀመሩ የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር ይባላል። ከከፍተኛው ነጥብ ያንቺን ቀንሺ፤ ውጤቱን ከከፍተኛው ነጥብ ዝቅተኛው ማለፊያ ተቀንሶ በሚገኘው አካፍዪ፤ በ3 አባዢ፣ 1 ደምሪ። ከፍተኛው 4.0፣ ለመመረቅ የሚያበቃው ዝቅተኛ 2.0 ከሆነ፦ 4.0 ሲቀነስ 2.87 = 1.13፤ ለ2.0 ሲካፈል 0.565፤ በ3 ሲባዛ 1.695፤ ሲደመር 1 ማለት 2.69 ነው። ጀርመን ውስጥ ትንሹ ቁጥር ነው የተሻለው። ብዙ የማስተርስ ፕሮግራሞች 2.5ን ወሰን ያደርጋሉ፤ 2.5 በዚህ ስሌት ልክ 3.0 ጂፒኤ ስለሆነ እሱን አታልፊም። ወሰን ያላስቀመጡ ወይም 2.7ና ከዚያ በላይ የሚቀበሉ አሉ፤ ፍለጋሽ እዚያ ይሁን።

ዝቅተኛው ማለፊያ የትኛው ቁጥር ነው የሚለው ውጤቱን በጣም ይለውጠዋል። 2.0 ሳይሆን 1.0 ቢሆን ያው 2.87 ወደ 2.13 ይወርዳል። ስለዚህ ከትራንስክሪፕቱ ጋር የዩኒቨርሲቲሽ ይፋዊ የውጤት አሰጣጥ ማብራሪያ መኖሩን አረጋግጪ። ማብራሪያው ከሌለ ገምጋሚው የራሱን ግምት ይወስዳል፤ ግምቱ ላንቺ ላያደላ ይችላል።

ሁለተኛው፣ የቦታ ገደብ ያለውንና የሌለውን ፕሮግራም ለዪ። ገደብ ያለው ከሆነ አመልካቾች በውጤት ተደርድረው ከላይ ይወሰዳል፤ 2.69 ይዘሽ ከታች ትቀሪያለሽ። ገደብ በሌለው ግን መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ይገባል። ይህ ለመካከለኛ ውጤት ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው ግን የታወቁ ስሞችን እያየ ያልፈዋል።

ሦስተኛው የክሬዲት ቆጠራ ነው። የሚጠይቁት "ከሒሳብ ይህን ያህል፣ ከቴርሞዳይናሚክስና ፍሉይድ ይህን ያህል የአውሮፓ ክሬዲት" ብለው ነው። የአንድ ዓመት ሙሉ ጊዜ ትምህርት 60 የአውሮፓ ክሬዲት ነው። የአራት ዓመት ዲግሪ 240 ይሆናል፤ ያንቺ 136 ወደ 240 ሲቀየር እያንዳንዱ ክሬዲትሽ 1.76 አካባቢ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ 5.3 ነው። ኮርሶችሽን በየዘርፉ ደርድረሽ ደምሪና ከመስፈርቱ ጋር አስተያዪ። እዚህ ላይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ላይ ያለው ሲ ብዙም አይጎዳሽም፤ የሚጎዳው የሒሳብ ክሬዲትሽ ድምር ማነሱ ነው። ኮርሱ ምን እንደሚያስተምር የሚገልጽ ዝርዝር ለእያንዳንዱ አዘጋጂ፤ "ኢንጅነሪንግ ማቴማቲክስ 3" የሚል ስም ብቻ አይተው ይዘቱን አያውቁትም።

የአፕላይድ ሳይንስ (በተግባር ትምህርት ላይ ያተኮሩ) ዩኒቨርሲቲዎችን በሚመለከት፣ መግቢያቸው ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል፤ ፒኤችዲ ካሰብሽ ግን አስቢበት። በራሳቸው ዶክትሬት የመስጠት መብት ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ከዚያ ወጥተሽ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቆጣጣሪ መፈለግ ይኖርብሻል።

ፒስተን

ስለ ካናዳ በአጭሩ። ብዙዎቹ የሚያዩት የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ነው፤ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻውን ዓመት አማካይ ያያል። ላንቺ ይመቻል። ሁለት ዓይነት ማስተርስ አለ፦ ማስተር ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ከቴሲስ (የመመረቂያ ምርምር ጽሑፍ) ጋር ነው፣ ተቆጣጣሪ ሳይገኝ አትገቢም፣ ሲገኝ ግን ድጋፍ አለው። ማስተር ኦፍ ኢንጅነሪንግ ኮርስ ብቻ ነው፣ ክፍያው በራስሽ ነው።

እኔ ግን የምለው፦ ማስተር ኦፍ ኢንጅነሪንግን አትናቂው። በአሜሪካም በካናዳም ከቴሲሱ ይልቅ በቀላሉ ያስገባል። አንዴ ገብተሽ 3.7 ካመጣሽ የድሮውን ጂፒኤ ማንም አያነሳብሽም።

ኖዝል

ፒስተን፣ ወደ ፒኤችዲ ማለፍ ለሚፈልግ ሰው ይህን ምክር በጥንቃቄ ነው መስጠት ያለብን። ውጤቱ ይሻሻላል፤ ግን ያለ ቴሲስ ሲመረቁ ምርምር ያየላቸው፣ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ፕሮፌሰር አይኖርም። የክፍል ውጤትሽን ብቻ የሚያውቅ አስተማሪ የሚጽፈው ደብዳቤ "ከ45 ተማሪዎች አምስተኛ ነበረች" ከማለት አያልፍም። በዚያ መንገድ የምትሄጂ ከሆነ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ባለ 3 ክሬዲት ገለልተኛ ጥናት ከአንድ ላብ ጋር ያዢ፤ ከማመልከትሽ በፊትም ይህ እንደሚፈቀድ፣ ከኮርስ ወደ ቴሲስ መዛወር እንደሚቻል በጽሑፍ አረጋግጪ። "ይቻላል" ማለትና "ባለፈው ዓመት የተዛወረ ተማሪ ነበር" ማለት የተለያዩ መልሶች ናቸው፤ ሁለተኛውን ጠይቂ።

ፒስተን

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። ከገለልተኛ ጥናት ጋር ብዬ ላስተካክል። ይህን ክር ለሚያነቡ የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር ሰዎችም አንድ ነገር፦ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ የሚሰጠው ማስተርስ ትራንስክሪፕት አይጠይቅም፤ ለመግቢያ የተመደቡትን ኮርሶች ቢያንስ በ3.0 አማካይ ያለፈ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ስለሆነ ለተማሪ ቪዛ አይሆንም።

ተመራቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ነገር ላስከትል። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ልፈተን? ዝቅተኛውን ውጤት በዓላማ መግለጫው ላይ ላንሳው ወይስ ዝም ልበል? ደብዳቤ ጸሐፊዎቼን እንዴት ልምረጥ?

ቶርክ

ጂአርኢ፦ በጣም ብዙ የኢንጅነሪንግ ዲፓርትመንቶች ትተውታል፤ የማይቀበሉም አሉ፣ ለነሱ መላክ ትርጉም የለውም። "እንደ ምርጫ" የሚሉት ዘንድ ግን ላንቺ ይጠቅማል፤ ግን ቁጥሩ ከፍ ካለ ብቻ። ሒሳቡ ከ130 እስከ 170 ነው፤ ኢንጅነሮች ሁሉ ከፍ ስለሚያመጡ ከ160 በታች ከሆነ አትላኪው፣ 165 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ላኪ። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ፈተናው አጥሯል፤ ጠቅላላው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው፤ ሒሳቡ 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ። ጥያቄ ሲያንስ አንድ ስህተት የሚያስከፍለው ይበዛል፤ ስለዚህ የምትለማመጂው ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄን ነው። በ21 ቀን ልዩነት፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 5 ጊዜ መፈተን ይቻላል፤ የምትልኪውን የፈተና ቀን ራስሽ ትመርጫለሽ። ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል።

ሚዛን

ስለ ዓላማ መግለጫው፦ አንሺው፣ ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከመጀመሪያው አንቀጽም ራቅ አድርጊው። ማመልከቻው "ተጨማሪ መረጃ" የሚል ሳጥን ካለው እዚያ አስገቢው፤ መግለጫው ለምርምሩ ይቅር።

ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲህ ነው፦ "በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያጋጠሙኝ የተለያዩ ችግሮች ውጤቴን ስለጎዱት ትክክለኛ አቅሜን አያሳይም።" አንባቢው ከዚህ ምንም አያገኝም፤ የትኛው ችግር? አሁንስ አልፏል? ቶርክ ያለሽን ኮርስ ወስደሽ ኤ ካመጣሽ በኋላ በዚህ ቀይሪው፦ "በመጀመሪያዎቹ 76 ክሬዲቶች አማካዬ 2.50 ነበር፤ በመጨረሻዎቹ 60 ደግሞ 3.34 ነው። ወደ ቴርማል ዘርፍ የሚያስገቡት ሂት ትራንስፈርና ፍሉይድ መካኒክስ ቢ ፕላስ ናቸው። በዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ያገኘሁትን ሲ ለማካካስ ኒውመሪካል ሜተድስ ወስጄ ኤ አግኝቻለሁ።" ይቅርታም ልመናም የለበትም። አንባቢው ከትራንስክሪፕቱ ጋር ሊያመሳክረው የሚችለው ቁጥር ነው ያለው። ሕመም ወይም ሌላ ተጨባጭ ምክንያት ካለ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ከነጊዜው ይጨመር፤ ከሌለ አትፍጠሪ።

ኖዝል

ደብዳቤ ላይ፦ አሜሪካ ሦስት ይጠይቃሉ። ቢያንስ አንዱ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን የመራው ይሁን፤ ሌላው ሂት ትራንስፈር ወይም ፍሉይድ ያስተማረሽ። ስማቸው የገነነ ግን የማያውቁሽን አትምረጪ። ከመዝጊያው ቀን ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድመሽ ጠይቂ፤ ስትጠይቂም "ጠንካራ ደብዳቤ መጻፍ ይችላሉ?" በዪ። ካመነቱ አመስግነሽ ሌላ ፈልጊ።

ሲስማሙ አንድ ገጽ አዘጋጅተሽ ስጪ። በፕሮጀክቱ ውስጥ አንቺ የሠራሽው ምንድን ነው? ስሌቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ? የቱቦዎቹን ብዛትና ርዝመት በምን ወሰንሽ? የግፊት መውደቁ ከገደብ ሲያልፍ ምን ቀየርሽ? ፕሮፌሰሩ ይህን ካላስታወሰ "ትጉህ ተማሪ" ብሎ ያልፋል። "የግፊት መውደቁ ከሚፈቀደው ሲበልጥ የባፍሎቹን ርቀት አስፍታ መልሳ አሰላች" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ውጤትሽ ያላሳየውን የምታሳይ እሷ ናት። ደብዳቤውን የማየት መብትሽን መተውሽን ፎርሙ ላይ ምልክት አድርጊ፤ ካልተውሽ ደብዳቤው ይቀልላል።

ብዛቱን ባትጠይቂም፣ ከ7 እስከ 9 ላብ ከበቂ በላይ ነው፤ በየአንዳንዱ ላይ የመግለጫሽን የመጨረሻ አንቀጽ እንደገና መጻፍ ስላለብሽ ከዚያ በላይ ሲሆን ጥራቱ ይወርዳል። ለፒኤችዲና ለቴሲስ ማስተርስ መዝጊያው በአብዛኛው ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው፤ ስለዚህ ለፕሮፌሰሮች ከሴፕቴምበር እስከ ኦክቶበር ጻፊ። ማመልከቻው ላይ ይፋዊ ያልሆነ ትራንስክሪፕት ማስገባት ብዙ ቦታ ይበቃል፤ የታሸገውን የሚጠይቁት ከተቀበሉሽ በኋላ ነው።

ተመራቂዋ

ለፕሮፌሰሩ የሚጻፈው ኢሜይል ላይ ጂፒኤዬን ልጥቀስ?

ኖዝል

አዎ፣ በአንድ ሐረግ። ትራንስክሪፕቱን አያይዘሽ "ጠቅላላ 2.87፣ የመጨረሻዎቹ 60 ክሬዲቶች 3.34" ብለሽ እለፊ። ኋላ ከሚደነግጥ አሁን ይወቅ። ከሱ በፊት ግን በቅርቡ ካሳተመው አንድ ጽሑፍ ላይ አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ "ሥራዎን አደንቃለሁ" የሚል ሳይሆን "ፊገር 6 ላይ የሙቀት ፍሰቱ ሲጨምር የሙቀት ማስተላለፊያው ኮኢፊሸንት የወረደው ድራይአውት ስለጀመረ ነው ወይ?" ዓይነት። ጠቅላላው ከ200 ቃል አይብለጥ። በሁለት ሳምንት ካልመለሰ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺው፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ላብ ሂጂ።

ቶርክ

አሜሪካ ከተሳካልሽ ደግሞ ይህን ያዢ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነትን የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች ከገንዘብ ድጋፍ ጋር የመጣ ቅበላን ከአፕሪል 15 በፊት እንድትመልሺ ሊያስገድዱሽ አይችሉም። ድጋፍ የሌለው ቅበላ በዚህ አይሸፈንም፤ ለሱ የደብዳቤውን ቀን ተከተዪ። የቅድመ ሁኔታ ደብዳቤ ከመጣልሽ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት የትኞቹን ኮርሶች በመጀመሪያው ሴሚስተር እንደምትወስጂ ከአስተባባሪው ጋር በጽሑፍ ተስማሚ። ሦስት የሒሳብ ክብደት ያላቸውን ኮርሶች አንድ ላይ አትደርድሪ፤ አንዱን ከሙከራና ከልኬት ጋር የተያያዘ አድርጊው።